ካሴቱ ሲገለበጥ

ቅጂው ጥሩ አይደለም፤ አስቀድሜ ልናገር፣
ዘፈን ፈልጎ የመጣ ሰው በኋላ እንዳይማረር።
መጀመሪያ የሚሰማው የቆርቆሮ ዝናብ ነው፣
የጅማ የሐምሌ ዝናብ፣ ጠጠር እንደሚበትነው፤
ቀጥሎ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ቀጥሎ አንድ ሳል፣
ቀጥሎ ኦቾሎኒ የሚሸጥ ልጅ፣ «በሃምሳ ሳንቲም!» ይላል።
ከዚህ ሁሉ ጀርባ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፣
የመብረቅ ባንድ ጊታር ነው፣ እየታነቀ የሚወጣ።

አራት ሽበታሞች፣ በአንዲት ፒካፕ፣ ጊቤን ተሻግረው መጡ፣
ሁለት ቦታ ጎማ ፈንድቶ፣ ከገደል ለጥቂት አመለጡ።
አጂፕ ግድግዳ ላይ ወረቀታቸው ሳምንት ሆኖታል፣
«የመጨረሻ ጉዞ» ይላል፤
(አምናም እንዲሁ ብሎ ነበር ይባላል።)

ቴፑ የተማም አጎት ነበር፣ ከጅዳ የመጣለት፣
«ጭረት እንዳላይበት!» ብሎ፣ በአላህ ያስማለበት።
እኔ በዝናብ ካፖርቴ ስር እንደ ሕፃን አቅፌው ገባሁ፣
ዘበኛው ሲዳብሰኝ «ምሳዬ ነው» አልኩት፤ ማታ መሆኑን ረሳሁ።
ሳቀና አሳለፈኝ።

ስድስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ።
ጊታሩ ተቆረጠ፤ ኦርጋኑ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ፣
አዳራሹ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጭጭ አለ፣ ተጨነቀ።
ድራም ግን መብራት ኃይልን መቼ ያውቃል፣
የጉተማ እግር ሳያቋርጥ በጨለማው ይደልቃል።
አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ግጥሙን ብድግ አደረገችው፣
የሄርማታ ልጆች ሳይቀበሏት ለጨለማው አቀበለችው።
ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ጣሪያው። ከዚያ ዝናቡም ሳይቀር፣
ማን ዘፋኝ፣ ማን አድማጭ እንደሆነ ለማወቅ እስኪቸግር።
ዋቅቶላ፣ ያ ድምፀ ሻካራ፣ ማይኩ በእጁ ሞቶ፣
ሲስቅ ነው ወይ ሲያለቅስ፣ ቴፑ አይለየውም ከቶ።
የእኛ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ነው፤ መጥፋቱንም አላወቀም፣
ቀይ ዐይኑን አፍጥጦ፣ የሰማውን ሁሉ አልናቀም።

መብራት ሲመለስ ሕዝቡ ጮኸ፤ ባይሳ ጊታሩን አነሳ።
ያንን ነው ጅማ እስከ ዛሬ የሚያወሳ፤
«እሱ ብቻውን የመታው» ይላሉ፣ «ሌላው ትርፍ ነው።»
ልክ እዚያ ላይ፦
ቀጭ።
ክሩ አለቀ።

የሚከተለውን ቴፑ አያውቅም፣ የማውቀው እኔ ነኝ፤
ክዳኑን በረጠበ ጣት ስታገል፣ ካሴቱ ከእጄ ሲያመልጠኝ፣
ተማም በሰው እግር መካከል፣ ከወንበር ስር ሲድህ፣
ከላያችን ሰማይ ሲቀደድ፣ ሰው ሲቆም፣ ሰው ሲያብድ።
አራት ደቂቃ።
ገልብጬ ስጫነው የተቀዳው ጭብጨባ ነው፣
እሱም ጅራቱ፣
ጎርፍ ካለፈ በኋላ ድንጋይ ላይ እንደሚቀረው።

ካሴቱ ተባዛ። የቅጂ ቅጂ፣ የቅጂው ቅጂ፣
ፈረንጅ አራዳ ሱቅ ውስጥ፣ ከሳሙና ጎን፣ ከባትሪ ጎን።
አንድ ቀን ወደ አጋሮ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰማሁት፤
ሾፌሩ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ፣ ጊታሩን በአፉ ይመታው ጀመር፤
ረዳቱ «እንደዚያ አይደለም» ብሎ በሌላ ዜማ ያርመው ጀመር።
ሁለቱም በዚያ ምሽት አልነበሩም፤
ረዳቱማ አልተወለደም።

ባይሳን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሆስፒታል በር ላይ አገኘሁት፤
የሠራሁትን ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት።
«ያን ቀን» አለኝ፣ ጣቶቹን እያሻሸ፣ «ሁለት ክር ተበጥሶብኛል፤
ሰው የሚያወራው ባይሳ ከእኔ ይሻላል።
ተወው።»

ተውኩት።
የማልተወው ሌላ ቦታ ነው፦
ሁለተኛው ፊት ሲጀምር፣ ጭብጨባው ሳያልቅ፣
ለማይኩ ቅርብ፣ ከዘፋኙም ቅርብ፣ አንድ ድምፅ አለ።
ተማም ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ።
ፎቶው ቤታቸው ተሰቅሏል፤ ድምፁ ያለው እዚህ ብቻ ነው።
እናቱ ሸምሲያ ዘፈን አትወድም፤
በዓመት አንዴ ትመጣለች፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣
«እዚያ ጋ አድርግልኝ» ትላለች።

አደርጋለሁ።
«ባትሪው ይበቃናል?» ይላል ልጇ።
እኔም፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ከቴፑ ውስጥ፣
«ዝም በል» እለዋለሁ፣ «እየቀዳ ነው።»